ከጥምቀት በኋላ የሚከፈል ዕዳ



በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 ከቁጥር 26 ጀምሮ የተጻፈው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ በቤተ ክርስቲያናችን ዘወትር የሚነበብና የሚተረጐም ነው። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ የምናነሣው ሀገራችን የክርስቶስን ስም ገና በሐዋርያት ዘመን እንደ ሰማች ለማስረዳት ነው። ይህም እውነት ነው፤ ደስም ያሰኛል። ነገር ግን በዚሁ ምዕራፍ ውስጥ ለሚያስተምሩ ሰዎች የተሰጠ ሌላ ትምህርት ስላለ፥ ዛሬ ያን ልናመለክት እንወድዳለን።

ጃንደረባው እግዚአብሔርን የማይፈራ ሰው አልነበረም። ለመስገድ ከሀገሩ እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዷል፤ ሲመለስም በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የሚያነበውን የሚተረጕምለት መምህር ነው። ፊልጶስም በከተማ ተቀምጦ ሰውየው እስኪመጣ አልጠበቀውም። ወደ ምድረ በዳው መንገድ ወረደ፤ ወደ ሠረገላው ሮጠ፤ ሲያነብም ሰማው፤ ከዚያ በኋላ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም የሚመራው ሰው ሳይኖር ሊያስተውል እንደማይችል ነግሮ፥ ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው።

እንግዲህ የነገሩን ቅደም ተከተል እንመልከት። መጀመሪያ ሩጫ፥ ቀጥሎ መስማት፥ ከዚያ ጥያቄ፥ በመጨረሻም ስብከት ነው። ስብከቱም የተጀመረው ጃንደረባው ያነብበው ከነበረው ከዚያው ቃል ነው እንጂ፥ ፊልጶስ አስቀድሞ ካዘጋጀው ንግግር አይደለም። የዛሬው ነገራችን ሁሉ ከዚህ ቅደም ተከተል የሚወጣ ስለ ሆነ አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን።

ጃንደረባው የተጠመቀው ተምሮ ነው። በጥንት ዘመን ዐዋቂ ሰው ወደ ክርስትና ሲመጣ ሥርዓቱ እንዲህ ነበረ። በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የኢየሩሳሌሙ ቅዱስ ቄርሎስ ለጥምቀት ለሚዘጋጁ ሰዎች በዐቢይ ጾም ወራት ተከታታይ ትምህርት ይሰጥ ነበር። በስሙ ከሚታወቁት ትምህርቶች መካከል ከመግቢያው በቀር 18ቱ ከጥምቀት በፊት፥ 5ቱ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ስለ ምሥጢራት የተሰጡ ናቸው። በእኛም ቅዳሴ ዲያቆኑ ንኡሰ ክርስቲያንን የሚያሰናብትበት ክፍል እስከ ዛሬ አለ፤ ይህም ቤተ ክርስቲያን ገና የሚማሩትን በስም ለይታ ታውቃቸው እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ዛሬ ግን እኛ ወንዱን በ40፥ ሴቲቱን በ80 ቀን እናጠምቃለን። ይህ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ሥርዓት ቅዱስ ነው፤ የእግዚአብሔር ጸጋ የሰውን ዕውቀት የምትጠብቅ አይደለችምና። ሕፃኑ በክርስትና አባቱ አንደበት ሰይጣንን ይክዳል፤ በክርስትና አባቱ አንደበት ሃይማኖቱን ይመሰክራል። እንዲህም ሲሆን ጥምቀት ትቀድማለች፥ ትምህርት ትከተላለች። ትከተላለች ማለት ግን ትቀራለች ማለት አይደለም። አስቀድሞ ዋጋ ሳይከፍል ዕቃ የተቀበለ ሰው ዕዳ እንዳለበት ሁሉ፥ ሕፃኑን ያጠመቀች ቤተ ክርስቲያንም፥ ያስጠመቁት ወላጆችም፥ ስለ እርሱ የመሰከሩት የክርስትና አባትና እናትም የትምህርት ዕዳ አለባቸው። የዕዳውም ቀን ልጁ የራሱን ነገር ራሱ ለመወሰን የሚደርስበት የወጣትነት ዘመን ነው። በሕፃንነቱ መዝሙርን ያስጠናነው ልጅ በ20 ዓመቱ ጥያቄ ይዞ ይቆማል፤ ያን ጊዜ መዝሙር ብቻ አይበቃውም።

ይህን ነገር በሩቅ እንዳናየው ወደ ጉለሌ እንውጣ። ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በእንጦጦ ተራራ ሥር ያለ ሰፈር ነው። ከላይ በተራራው ራስ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት የእንጦጦ ማርያምና የእንጦጦ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። ወደ ታች ሲወርዱ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች የሚኖሩበትና ሸማ የሚሸጥበት ሽሮ ሜዳ አለ። ከተራራው የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና ወጣት ሴቶች በዚያው መንገድ ያልፋሉ። ጥቂት ዝቅ ሲሉ ደግሞ በ1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተከፈተው፥ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ትልቅ ትምህርት ቤት በስድስት ኪሎ ይገኛል። በአንድ ተዳፋት ላይ መጽሐፍ የያዘ ወጣት፥ መወርወሪያ የያዘ ወጣት፥ እንጨት የተሸከመች ወጣት፥ ደግሞም ሥራ አጥቶ ከመንገድ ዳር የቆመ ወጣት አለ። አራቱም የተጠመቁ ከሆኑ አራቱም ባለ ዕዳዎቻችን ሳይሆኑ፥ እኛ የእነርሱ ባለ ዕዳዎች ነን።

በእሑድ ቅዳሴ ጊዜ ሥጋውንና ደሙን ለመቀበል የሚቀርቡትን የተመለከተ ሰው፥ በአብዛኛው በእናቶቻቸው እቅፍ ያሉ ሕፃናትንና ዕድሜያቸው የገፋ አረጋውያንን ያያል። ከሕፃኑ እስከ ሽማግሌው መካከል ያለው ረድፍ ሳስቶ ይታያል። ይህ በጉለሌ ብቻ ያለ ሳይሆን በብዙ አጥቢያዎች የሚታይ ነው። ነገር ግን ይኸው በቅዳሴ መካከል ያላየነው ወጣት በከተራና በጥምቀት ቀን በጃን ሜዳ መንገድ ላይ ይገኛል። ታቦቱ ከሚያልፍበት ፊት አስፋልቱን የሚጠርገው፥ ከባዱን ምንጣፍ ጠቅልሎ ወደ ፊት እየሮጠ መልሶ የሚዘረጋው፥ እጁን ከእጅ አያይዞ ሕዝቡን ሥርዓት የሚያስይዘው እርሱ ነው።

ይህን ትጋት የበዓል ሆይታ ብቻ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው አላስተዋለም። ጃንደረባውም ከሩቅ ሀገር ለስግደት መጥቶ ነበር፤ ፊልጶስም ስግደቱን አልነቀፈበትም። በወጣቱ ልብ ፍቅር ካለ ድሩ ተዘርግቷል ማለት ነው። ነገር ግን የሽሮ ሜዳ ሸማኔ እንደሚያውቀው ድር ብቻውን ሸማ አይሆንም፤ ማግ ሊገባበት ያስፈልጋል። ማጉም ትምህርት ነው። ማግ ያልገባበት ድር ጥቂት ቢጐትቱት ይተረተራል፤ ያልተማረ ፍቅርም በመጀመሪያው ብርቱ ጥያቄ ወይም ወደ ጠብ ይለወጣል፥ ወይም አፍሮ ይሸሻል።

ወጣቱ ከምሥጢራት የሚርቅበትን ምክንያት ስንመረምር ንቀት ሆኖ አናገኘውም፤ በአብዛኛው ፍርሀት ነው። አንደኛው ፍርሀት፥ በወጣትነቴ እወድቃለሁ፥ ቈርቤ ከወደቅሁም ተስፋ የለኝም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ቍርባን የሚገባው ከዓለም ሥራ ለተለየ ወይም ለሸመገለ ሰው ነው የሚል ነው። ሦስተኛው፥ በቍርባን የተፈጸመ ጋብቻ የማይፈታ ስለ ሆነ ነገሩን እናቈየው የሚል ነው። በእነዚህ በሦስቱ ውስጥ የምሥጢሩን ክብር ማወቅ ስላለ ፈጽመን አንነቅፋቸውም። ሆኖም ትምህርት ያልደረሰበት ክብር ሰውን ከመድኃኒቱ ያርቀዋል። ንስሓ የተሠራው ለሚወድቅ ሰው ነው፤ የማይወድቅ ሰው ቢኖር ንስሓ ባላስፈለገው ነበር። ጌታችንም ሐኪም የሚያስፈልገው ለታመመ እንጂ ለጤነኛ እንዳልሆነ አስተምሯል። ጋብቻም የማይፈታ መሆኑ የሚያስፈራ ሸክም ሳይሆን፥ ሁለቱን የሚጠብቅ አጥር ነው። ወጣቱ ይህን በሰከነ ቃል የሚያስረዳው ሰው ካላገኘ ኀምሳ ዓመት እስኪሆነው ይጠብቃል፤ ኀምሳ ዓመት እንደሚኖር ግን ማንም ዋስ አልሆነለትም።

ከዚህ በተጨማሪ በዘመናችን ያለው ወጣት ስብከት አልጐደለበትም። በኪሱ በያዘው የእጅ ስልክ የብዙ ሰባክያንን ቃል ሌሊትና ቀን ይሰማል። የጐደለው የሚሰማውን የሚጠይቀው ሰው ነው። ስልኩ ይናገራል እንጂ ጥያቄን አይሰማም፤ ይገሥጻል እንጂ አያናዝዝም። የጃንደረባውም መጽሐፍ በእጁ ነበረ፤ መጽሐፉን የያዘ ሁሉ መምህር አገኘ ማለት እንዳልሆነ ከዚያ እንረዳለን።

አንዳንድ ሰዎች ግን፥ ቤተ ክርስቲያኑ ክፍት ነው፥ ጉባኤውም ተዘርግቷል፥ እነርሱ ናቸው የማይመጡት ይላሉ። ይህን ለሚሉት ወንድሞቻችን የምናቀርበው ጥያቄ፥ ጉባኤው የሚዘረጋው በማን ሰዓት ነው? የሚል ነው። ሸማኔው ወጣት ከንጋት ጀምሮ እግሩን ከጕድጓዱ አግብቶ ይቀመጣል፤ በዓል ሲቃረብም ሥራው ይበዛበታል። በጥምቀትና በትንሣኤ ለብሰነው የምናጌጠውን ነጭ ሸማ የሠራው እጅ የእርሱ ነው። ከእነዚህም መካከል ከጋሞ ደጋ በለጋ ዕድሜያቸው መጥተው፥ የልጅነት ዘመናቸውን በትምህርት ቤት ሳይሆን በሸማ ሥራ ላይ ያሳለፉ እንዳሉ የታወቀ ነው። እንግዲህ እኛ የቤተ ክርስቲያንን ልብስ ከእርሱ ተቀብለን፥ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ሳንሰጠው ብንቀር ሚዛኑ ትክክል ይሆናልን?

ይህን ነገር ሌሎችም አስበውበታል። በእንግሊዝ ሀገር በግሎስተር ከተማ ሮበርት ሬይክስ የተባለ የጋዜጣ ባለቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ያሰናዳው የሰንበት ትምህርት ቤት የተነሣው፥ በሳምንቱ ቀናት በሥራ የተያዙት የድሆች ልጆች ነፃ የሚሆኑት በእሑድ ብቻ መሆኑን በማስተዋል ነው። ከ60 ዓመት በኋላ በኢጣልያ በቶሪኖ ከተማ ዮሐንስ ቦስኮ የሚባል የካቶሊክ ወጣት ቄስ ከገጠር ለግንብ ሥራና ለመሳሰለው ወደ ከተማ የመጡ ወጣቶችን ከ1841 ጀምሮ በእሑድና በበዓል ቀን ይሰበስብ ጀመር። ትምህርተ ሃይማኖትን አስተማራቸው፤ አብሯቸውም ተጫወተ። በኋላም የጫማና የልብስ ስፌት ሥራ የሚማሩበትን ቤት ከፈተላቸው፤ አሠሪዎቻቸውም እንዳይበድሏቸው በጽሑፍ ውል እንዲዋዋሉ አደረገ። የእርሱን ስም የያዙ መነኮሳት ዛሬ በሀገራችንም የሙያ ትምህርት ቤቶች አሏቸው። በሃይማኖት ከእኛ የተለዩ ቢሆኑም፥ ትጋታቸውን አይቶ መልካሙን መመርመር ነውር አይደለም። የሥራቸውም ምሥጢር ረቂቅ አይደለም፤ ወጣቱ መቼ ነፃ እንደሚሆን፥ የት እንደሚሠራ፥ ምን እንደሚያስጨንቀው አስቀድመው ጠየቁ።

ነገር ግን ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ለቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያው ጳጳስ የሆኑት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ወደ አክሱም የደረሱት ገና በልጅነታቸው ነበር። ጥንታዊው ጸሓፊ ሩፊኖስ እንደ ተረከው፥ በቤተ መንግሥት አድገው ሥልጣን ባገኙ ጊዜ በሀገሪቱ ይነግዱ የነበሩትን ክርስቲያኖች ፈልገው የሚጸልዩበትን ስፍራ አዘጋጁላቸው። ነጋዴውን ከንግዱ ስፍራ የፈለገ አባት ያቆማት ቤተ ክርስቲያን፥ ሸማኔውን ከሸማው ስፍራ ብትፈልግ አዲስ ነገር አደረገች አይባልም።

በቅርቡም ዘመን ቢሆን ይህ መንፈስ አልጠፋም። በ1950ዎቹ ዓመታት ሃይማኖተ አበው የተባለው የተማሪዎች ማኅበር በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያሉትን ወጣቶች በአባቶች ሃይማኖት ለማጽናት ደክሟል። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤን ሲያቋቁም፥ ከካህናትና ከምእመናን ጋር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በጉባኤው እንዲወከሉ አድርጓል። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ በተወሰዱ ጊዜ፥ በዚያ በመከራ ስፍራ ለጸሎት የተሰበሰቡት ወጣቶች በ1984 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለማኅበረ ቅዱሳን መነሻ ሆነዋል። ማኅበሩም በየዩኒቨርሲቲው ባሉት የግቢ ጉባኤያት ተማሪዎች ከሚኖሩበት ሳይርቁ የሚማሩበትን መንገድ አዘጋጅቷል። ይህ የፊልጶስን ሩጫ የሚመስል ሥራ ነው፤ ተማሪው ካለበት ደርሷልና።

እንግዲህ ለተማሪው የተደረገው ለሸማኔውም፥ እንጨት ለምትሸከመውም፥ ሥራ ላጣውም ይደረግ ዘንድ ይገባል። ለዚህም በየአጥቢያው ሊፈጸም የሚችለውን በአጭር ቃል እናመለክታለን።

በመጀመሪያ፥ ሰዓቱና ስፍራው በተማሪው ኑሮ ይወሰን። ከማታ ሥራ በኋላ አንድ ሰዓት፥ በሳምንት አንድ ቀን፥ ሸማኔዎች በሚበዙበት መንደር ከአንድ ምእመን ቤት ውስጥ ቢደረግ ይበቃል። ማኅበር በየቤቱ መጠጣት የለመደ ሕዝብ በየቤቱ መማር አይከብደውም።

ሁለተኛ፥ ትምህርቱ ከጥያቄ ይጀምር። መምህሩ ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ብዙ ይስማ፥ ጥቂት ይናገር። ወጣቱ ስለ ጾም፥ ስለ ቅዱሳን አማላጅነት፥ ስለ ዝሙት ፈተና፥ ስለ ሥራ ማጣት ሲጠይቅ፥ ጥያቄውን እንደ ድፍረት አንቍጠርበት። ከዚያም በኋላ ጥያቄዎቹን ወደ አምስቱ አዕማደ ምሥጢርና ወደ ሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን እየመለስን በሥርዓት እናስተምር። የጠየቀውን ሳይመልሱ ያልጠየቀውን ማብዛት ጆሮውን ይዘጋዋል።

ሦስተኛ፥ ልጁ በሚያስተውለው ቋንቋ ይነገር። ግእዙ የጸሎታችን ክብር ነው፤ ትርጕሙ ግን ለሰሚው ሊደርስ ይገባል። የአፍ መፍቻው ጋሞኛ የሆነ ወጣት በጋሞኛ የሚያስረዳው ወንድም ቢያገኝ፥ በበዓለ ኀምሳ የተሰጠው ጸጋ ለእርሱም እንደ ተሰጠ ያውቃል።

አራተኛ፥ የንስሓ አባት ወደ ቤቱ ይድረስ። ብዙ ጊዜ የንስሓ አባት የሚታወቀው የወላጆች አባት ሆኖ ነው፤ ጠበል ይረጫል፥ ቤተ ሰቡን ይባርካል፥ ይሄዳል። ከልጁ ጋር ለብቻው ተቀምጦ፥ ልጄ ሆይ እንዴት ነህ ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ይኑር። ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው የራሱን የንስሓ አባት በራሱ ፈቃድ እንዲይዝ ቢመከር፥ ከቍርባን የሚያርቀው ፍርሀት ግማሹ በዚያ ቀን ይወድቃል።

አምስተኛ፥ የተማረው ሥራ ይሰጠው። ምንጣፉን በፍቅር የዘረጋ እጅ፥ ለታመመ ጐረቤት ውኃ ሊቀዳ፥ ለታናናሾቹ ፊደል ሊያስቈጥር፥ በሰበካ ጉባኤ ተገኝቶ አሳቡን ሊናገር ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ሥራ የሌለው ሰው ራሱን እንግዳ አድርጎ ይቈጥራል፤ እንግዳም ብዙ አይቀመጥም።

አረጋውያን አባቶቻችን፥ ወጣት ችኩል ነው፥ ሥርዓት ያፈርሳል ብለው ቢሰጉ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ወጣትነት እሳት ነው፤ ያለ ምድጃ የተለቀቀ እሳት ቤት ያቃጥላል። ነገር ግን እሳትን ፈርቶ ያጠፋ ቤት በብርድ ይኖራል። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ማንም በወጣትነቱ እንዳይንቀው አዞታል፤ በዚያው ቃል ደግሞ በንግግርና በኑሮ፥ በፍቅርና በእምነት፥ በንጽሕናም ለምእመናን ምሳሌ እንዲሆን አዝዞታል፤ ይህም በአንደኛው መልእክት በምዕራፍ 4 ቁጥር 12 ተጽፏል። አንዱን ትእዛዝ ይዞ ሌላውን መተው አይገባም። ወጣቱ ይከበር፤ ወጣቱም ምሳሌ ይሁን።

እናንተም ወጣቶች ሆይ፥ ይህ ነገር ለካህናት ብቻ የተጻፈ አይምሰላችሁ። ጃንደረባው ባለ ሥልጣንና የንግሥት ግምጃ ቤት አዛዥ ሲሆን አላውቅም ለማለት አላፈረም፤ በመንገድ ያገኘውን እግረኛ መምህር ወደ ሠረገላው አስወጣው። እናንተም የማታውቁትን ጠይቁ፤ ጥያቄ ክሕደት አይደለምና። በጥምቀት ቀን ለታቦቱ የሮጠ እግር በሌላው እሑድ ወደ መምህር ለመሄድ አይስነፍ።

ፊልጶስ ጃንደረባውን ካጠመቀ በኋላ የጌታ መንፈስ ወሰደው፥ ጃንደረባውም ከዚያ በኋላ አላየውም፤ ነገር ግን ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። የመምህር ሥራ ፍጻሜው ይህ ነው፤ ተማሪው ብቻውን ሲቀር ደስታው አብሮት የሚሄድ ከሆነ ዕዳው ተከፍሏል። በእንጦጦ ሥር መወርወሪያውን የያዘው፥ መጽሐፉን የያዘው፥ ሸክሟን የተሸከመችው፥ ከመንገድ ዳር የቆመውም ሁሉ እንዲሁ ያስተማራቸው ሰው በሌለበት ቀን ሃይማኖታቸውን ዐውቀው ደስ እያላቸው ይሄዱ ዘንድ፥ ለመምህራን የፊልጶስን ትጋት፥ ለወጣቶችም የጃንደረባውን ትሕትና እግዚአብሔር ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።